ራስ የሐኪም፣ አንገት የኔ

ሐኪም የሌለበት ሰፈር ይኖር ይሆናል፤ ሐኪም ነኝ ባይ የሌለበት ሰፈር ግን ገና አልተመሠረተም። እስቲ የራሳችሁን አስቡት። "ምን ሆነህ ነው?" ብሎ ጠይቆ መልሱን ራሱ የሚመልስ፣ ገና ሳታስነጥሱ መድኃኒቱን የሚያዝ፣ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር ስትሉት "እነሱ ደግሞ ምን ያውቃሉ!" ብሎ የሚስቅ አንድ ሰው አታጡም። አንዳንድ ቦታ ጡረተኛ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ባለሱቅ፣ አንዳንድ ቦታ የባለቤታችሁ አክስት። በዚህ ሰፈር ግን ሹመቱን የያዙት ፀጉር አስተካካዩ ናቸው። ሿሚውም ራሳቸው፣ ተሿሚውም ራሳቸው ናቸው።

ሰፈሩ "ፕሮፌሰር" ይላቸዋል። ስሙ የወጣው ለሹፈት ነበር፤ ክቡርነታቸው ግን በትሕትና ተቀብለው ይዘውት ቀሩ። ዩኒቨርሲቲያቸው ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ያለች ጠባብ ፀጉር ቤት ናት። ሁለት የሚሽከረከሩ ወንበሮች አሏት፤ አንደኛው መሽከርከር ከተወ ቆይቷል። ጥጉ የተሰነጠቀ ትልቅ መስተዋት፣ ተራ ጠባቂ የሚደረደርበት ረጅም አግዳሚ፣ ከአግዳሚው ጎን ደግሞ መጋረጃ። ከመጋረጃው ወዲያ ባለቤታቸው የሴቶች ፀጉር ይሠራሉ። መጋረጃ ዓይን ይከልላል እንጂ ጆሮ አይከልልም፤ ስለዚህ የፕሮፌሰሩ ትምህርት ለሁለቱም ክፍል እኩል ይዳረሳል፣ ተቃውሞም ካለ የሚመጣው ከመጋረጃው ወዲያ ነው።

ልዩ ሙያቸው አንገት ነው። "ራስ የሐኪም ነው፤ አንገት የኔ ነው" ይላሉ፣ ነጩን ጨርቅ ደንበኛው አንገት ላይ እያሰሩ። ማስረጃም አላቸው። "ሐኪም ሰውን የሚያየው ከፊት ነው። እኔ ከኋላ ነኝ። በሽታ ደግሞ መቼም ከፊት መጥቶ አያውቅም፤ ከኋላ ነው የሚመጣው።" ይህን ሲሰማ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሁሉ ማጅራቱን ይዳስሳል።

ሕክምናቸው አንድ ሲሆን "ቀጭ" ይባላል። ፀጉሩ አልቆ፣ ማጅራቱ ከተጠረገ በኋላ አንድ እጃቸውን ከአገጭ ሥር፣ አንዱን ከጆሮ በላይ ያደርጉና "ልቀቀው... ልቀቀው... አንገትህን ለኔ ተወው" እያሉ ያባብላሉ። ሰውዬው ልቅቅ ሲል፣ ቀጭ! "ይኸው ወጣ!" ይላሉ። ምን እንደወጣ ጠይቆ የተረዳ የለም። ጡረታ የወጡት የስፖርት አስተማሪ ከ"ቀጭ" በኋላ ሰው ሲጠራቸው በሙሉ ሰውነታቸው እየዞሩ "አቤት" ሲሉ ሰነበቱ። ፕሮፌሰሩ ግን "በሽታ ሲወጣ እንዲህ ነው፤ በሩን ሳይዘጋ ይሄዳል" ብለው አጽናኗቸው። ለራሳቸውም አልሰሰቱም። ጠዋት ጠዋት ቤቱን ሲከፍቱ መስተዋቱ ፊት ይቆሙና አገጫቸውን ይዘው በግራም በቀኝም ቀጭ ያደርጋሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው መብራቱ የሚበራው።

ከወንበሩ ደንበኞች አንዱ በትልቁ ሆስፒታል የኤምአርአይ ባለሙያ ነው። ሥራው ሰውን ትልቅ ማግኔት ባለበት ዋሻ ውስጥ አስተኝቶ የውስጡን ፎቶ ማንሳት ነው፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚያነሳው ደግሞ አንገትና ወገብ። ስለ አንገት ከፕሮፌሰሩ ጋር ሊከራከር የሚችል ሰው በሰፈሩ ቢኖር እሱ ነበር። አይከራከርም። ምላጭ ጉሮሮው ላይ ያለ ሰው አይከራከርም።

ፕሮፌሰሩ "ባለማግኔቱ" ይሉታል። ገና በሩን ሲረግጥ "መቀሶቹን ወዲያ አድርጉ፣ ባለማግኔቱ መጣ!" ብለው ይጮኻሉ፣ አግዳሚውም ይስቃል። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። እያደር ግን ፕሮፌሰሩ በቀልዳቸው ራሳቸው አመኑበት፤ ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ማግኔት አጠገብ ሲውል የሆነ ነገር ሳይጋባበት አይቀርም ብለው ጠረጠሩ። እንዲያውም አንድ ቅዳሜ መርፌ ቁልፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው ቀስ ብለው ወደ ትከሻው ሲያስጠጉ በመስተዋቱ አይቷቸዋል። ሁሉም የየራሱን ምርምር ያድርግ የሚል ሰው ነው።

ከባለማግኔቱ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዝም ብሎ መቀመጥ። "አትነቃነቅ!" የንግግራቸው ነጠላ ሰረዝ ነው፤ በየዓረፍተ ነገሩ መሀል ትገባለች። "ምን ነበር ያልኩህ፣ አትነቃነቅ፣ የጎረቤታችን ኩላሊት፣ አትነቃነቅ፣ ምንጩ ትራሱ ነው።" እሱም አይነቃነቅም። ይሰማል። አንዳንዴ ሥራ ላይ ከሚሰማው የማሽን ድምፅ ይልቅ የቅዳሜው ድምፅ ይከብደዋል። "ምን አለበት አንድ ቀን ዝም ቢሉ" ብሎ የተመኘበት ጊዜ ብዙ ነው።

አንድ ቀን የታክሲ ሹፌሩ ትልቅ ፊልም በብብቱ ይዞ መጣ። ክንዱን ሲወጋው ከርሞ ሐኪም አዞለት፣ አንገቱን ኤምአርአይ ተነስቶ ነበር። ፕሮፌሰሩ ባለማግኔቱን ግማሽ ፀጉሩ እንደተቆረጠ ትተው ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት። ገልብጠው ነበር የያዙት፤ ግን ማን ደፍሮ ይናገራል? ረድፍ በረድፍ የተደረደሩትን ትናንሽ ምስሎች ባዩ ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ።

"ይሄ ሁሉ አንገት የማን ነው?"

"የኔ ነዋ፣ ፕሮፌሰር" አለ ሹፌሩ።

"የሰው ልጅ ስንት አንገት ነው ያለው? ከሰው ጋር አደባልቀውብሃል!"

ባለማግኔቱ ከነጨርቁ ዞረ። "ጋሼ፣ አንድ አንገት ነው። ማሽኑ ልክ እንደ ዳቦ ስስ ስስ አድርጎ ነው የሚያሳየው፣ ከጎንም ከላይም። ራጅ አጥንቱን ያሳያል። ይሄኛው ደግሞ በአጥንቶቹ መሀል ያለውን ዲስክ፣ ከኋላው የሚያልፈውን ህብለ ሰረሰር፣ ከሱ የሚወጡትን ነርቮች ያሳያል።"

"ሰማህ?" አሉ ፕሮፌሰሩ ወደ ሹፌሩ ዞረው። "ቆራርጠውሃል!"

"ዲስክህ ተንሸራቷል ነው ያሉኝ" አለ ሹፌሩ በፈራ ድምፅ።

"ዲስክ ምንድነው? የዘፈን ሸክላ ነው። ሸክላ ሲጫር ምን ያደርጋል? ያንኑ ይደጋግማል። ሕመሙ የሚመላለስብህ ለዚህ ነው። ና ቁጭ በል፣ አንድ ቀጭ ይበቃሃል።"

"እንዳይነኩት ጋሼ!" ብሎ ባለማግኔቱ ብድግ አለ።

"እሺ፣ እንግዲያው አንተ ንገረዋ። ፎቶው ምን ይላል?"

"የሚያነበው ሐኪሙ ነው። እኔ አንሺ ነኝ።"

"አንሺና አንባቢ የተለያየበት ቤት!" አሉ ፕሮፌሰሩ ለአግዳሚው። "እዚህ ቤት ሁለቱም አንድ ሰው ነው።" እነሱ ሲመላለሱ ሹፌሩ ፊልሙን ጠቅልሎ ወጣ፤ አንገቱም እንደዚያ ተረፈች። ባለማግኔቱ ራሱ ለ"ቀጭ" አንገቱን ሰጥቶ አያውቅም። "ፈሪ!" ይሉታል፣ እሱም "አዎ ጋሼ" ብሎ ይነሳል።

ከዚያ በኋላ በመጣ አንድ ቅዳሜ ነው ነገሩ የተለወጠው። ፕሮፌሰሩ ሲያወሩ መቀሳቸው አየር ላይ ቀጨቅ ቀጨቅ ማለቱን አያቆምም፤ ፀጉር ባይኖርም ይቆርጣል። ያን ቀን ስለ ጉበት እያወሩ ሳለ መቀሱ ዝም አለ። አፋቸው ቀጠለ። ባለማግኔቱ ዓይኑን ወደ መስተዋቱ አነሳ። ፕሮፌሰሩ ቀኝ እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ትክ ብለው እያዩ ነበር። ማበጠሪያው ወደቀ። የወንበሩን ክንድ ይዘው ጎንበስ ብለው አነሱት፣ "ላብ ነው" አሉ፣ ቀጠሉም። ወዲያው ባለማግኔቱ ጆሮው ጫፍ ላይ ቅዝቃዜ፣ ከዚያም ማቃጠል ተሰማው።

"አትነቃነቅ አላልኩህም?"

"አልተነቃነቅኩም ጋሼ።"

መጋረጃው ተከፈተ፤ ባለቤታቸው ጥጥ ይዘው መጡ። ጥጡን ጆሮው ላይ ጫን አድርገው ለባላቸው ሳይሆን ለመስተዋቱ ተናገሩ። "ልጁ አልተነቃነቀም። የዚህን ሰውዬ ሸሚዝ ጠዋት ጠዋት የምቆልፍለት እኔ ነኝ፤ ጣቶቹ ቁልፍ አያገኙም። ሲራመድም ግድግዳ ግድግዳውን ሆኗል።"

"አንቺ ሴትዮ! የቤት ገመና አደባባይ ይወጣል?"

"ገመናው አንገትህ ላይ ነው" አሉ እሳቸው። "ዕድሜህን ሙሉ የሰው አንገት ስታይ ያንተን ማን አየልህ?"

ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም የሚባለው ለዚህ ነው። ፕሮፌሰሩ እስከዚያ ቀን ድረስ ለራሳቸው ያላዘዙት የለም፤ መጀመሪያ ጥፋተኛው መቀሱ ነው ብለው ቀየሩት፣ ቀጥሎ የወንበሩ ከፍታ ነው አሉ፣ በመጨረሻ ደም ነው ብለው በየጠዋቱ አንድ ቀጭ የነበረውን ሁለት አደረጉት። ሆድ ሲያውቅ ግን ዶሮ ማታ ነው። ባለማግኔቱ ጥጡን ጆሮው ላይ ይዞ ተቀምጧል። እጁ የከዳው፣ እግሩም የሚያመነታ ሰው ማሽኑ ላይ ስንት ጊዜ አስተኝቷል፤ እንዲህ ያለው ሰው ቀጭ እንደማያስፈልገው፣ እንዲያውም ቀጭ ሊያጠፋው እንደሚችል ያውቃል። መቀስ የማይዙ ፀጉር አስተካካይ ደግሞ ምን ይሆናሉ? ያንን ወንበር ያለ እሳቸው ለማሰብ ሞከረና አልሆነለትም።

"ጋሼ፣ ለሐኪም ይታዩ። ይሄ ነገር ቀጠሮ አይሰጥም።"

"እኔ? ለሐኪም?" አሉ። ባለቤታቸው መቀሱን ከእጃቸው ወስደው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና ወደ መጋረጃው ተመለሱ። ክርክሩ በዚሁ አለቀ።

ሐኪሙ ዘንድ የሆነውን ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ለአግዳሚው ተረኩት። "መረመርኩት። ልጅ ነው፣ ግን ይማራል። ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ፣ እግሬ ሊረግጠው ተነሳች። ጣትህን ቶሎ ቶሎ ጨብጥና ዘርጋ አለኝ፣ በቀጭን መስመር ላይ አስኬደኝ። ከዚያ አልቻለም መሰለኝ፣ ወደ ባለማግኔቱ መራኝ።" አግዳሚው ሳቀ። ጣታቸውን ቶሎ ቶሎ መጨበጥና መዘርጋት እንዳልቻሉ ግን አልተናገሩም። ያን የተናገሩት ባለቤታቸው ናቸው፣ ለባለማግኔቱ ብቻ፣ በር ላይ።

በቀጠሮው ቀን ፕሮፌሰሩ በሙሉ ልብሳቸው መጡ። ባለማግኔቱ ብረት ያለበትን ሁሉ እንዲያወጡ ሲጠይቃቸው ከደረት ኪሳቸው መቀስ፣ ከጎን ኪሳቸው ትንሽ መቀስ፣ ከውስጥ ኪሳቸው የምላጭ እጀታ ወጣ።

"ጋሼ፣ ሆስፒታል እኮ ነው የመጡት!"

"ማን መሆኔ እንዲታወቅ ነው" አሉ።

ቀጥሎ ለሁሉም የሚጠየቀውን ጥያቄ ጠየቃቸው። "ሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ? በቀዶ ሕክምና የገባ፣ ልብ ላይ የተገጠመ ነገር?"

"አለ።"

"የት?"

ቀኝ እጃቸውን አነሱ። "እዚህ። ዕድሜዬን ሙሉ መቀስ ይዤ! ብረቱ ገብቶብኛል። የደነዘዘውም ለዚያ ነው። አሁን እዚያ ዋሻ ውስጥ ስገባ ማግኔቱ ጎትቶ ያስቀረኛል።"

ባለማግኔቱ ሊስቅ አፉን ከፈተና ከንፈራቸውን አየ። ደርቆ ነበር። እኚህ ሰው እየቀለዱ አይደለም። የሰፈሩን ኩላሊትና ጉበት ሁሉ ያለፍርሃት ሲያገላብጡ የኖሩት ሰው እንደ ሕፃን ፈርተዋል። አንጀቱን በሉት።

"እሺ" አለ በቁም ነገር። "ቢስብዎ እግርዎን እኔ እይዛለሁ።"

"ትችላለህ?"

"እግርዎ ውጭ ነው የሚቀረው። አለቅዎትም።"

ጆሯቸው ላይ መከላከያ አደረገላቸው፣ አንገታቸው ላይ የፕላስቲክ ቀፎውን ገጠመ፣ ቢጨንቃቸው የሚጨምቁትን የጎማ ኳስ በቀኝ እጃቸው አስያዛቸው። ኳሱን ቀስ ብለው ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩት። ባለማግኔቱ አይቶ እንዳላየ ሆነ። "እንግዲህ አይነቃነቁ፤ አያውሩም። ምራቅዎንም ቢሆን ድምፅ እያለ እንዳይውጡ፤ ፎቶው ይበላሻል።"

ማሽኑ መንኳኳት በጀመረ በጥቂቱ ኳሱ ተጨመቀ። ባለማግኔቱ አቁሞ እየሮጠ ገባ። "ምን ሆኑ ጋሼ?"

"የለም፣ ያን ጊዜ ስለ ኩላሊት የነገርኩህ ላይ የረሳሁት ነበር።"

ወጣ፤ እንደገና ጀመረ። እንደገና ተጨመቀ። "ይሄ ድምፅ ጥሩ አይደለም። ቀበቶው ላልቷል። ለመካኒክ አሳዩት።" ሦስተኛው ላይ ኳሱን አልጨመቁም፤ ግን ብቻቸውን እያወሩ ነበር መሰል፣ ምስሉ ጭጋግ ሆኖ መጣ። ከመስታወቱ ወዲህ ማሽኑን አብራው የምትሠራው ባልደረባው ራሷን ነቀነቀች። ፎቶው አልወጣም።

ባለማግኔቱ ባልደረባውን ወንበሩ ላይ ተክቶ፣ የራሱን ጆሮ ሸፍኖ ገባ። የፕሮፌሰሩን ቁርጭምጭሚቶች በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ራሱም እስኪደነግጥ ድረስ፣ በሳቸው ድምፅ ጮኸ፦

"አይነቃነቁ! እዚህ ቤት አንገት የኔ ነው!"

ከዋሻው ውስጥ ምንም አልተሰማም። ማሽኑ ነጎደ። እግራቸው መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ቆይቶ ረጋ። ምራቅ እንኳ አልዋጡም። ያን ያህል ዝም ብለው ሲያያቸው የመጀመሪያው ነው፤ ስንት ዓመት የተመኘው ዝምታ ይኸው መጣለት፣ ምንም ደስ አላለውም።

ሲያበቃ ወደ ምስሉ ሄደ። ከላይ እስከ ታች ነጭ ውሃ የከበበው ግራጫ ገመድ፣ ህብለ ሰረሰራቸው፣ ወርዶ ወርዶ አንገት መሀል ላይ ሲደርስ፣ ነጩ ጠፋ። ዲስኩ ወደ ኋላ ወጥቶ ገመዱን አጣቦታል፤ የተረገጠ የውሃ ጎማ ይመስላል። ተመልሶ ቀፎውን ፈታላቸውና ደግፎ አስቀመጣቸው።

"ምን ይታያል?" አሉት።

"የሚያነበው ሐኪሙ ነው፣ ጋሼ። ዛሬውኑ እንዲያነበው አሁን እደውላለሁ። እስከዚያ ግን ያቺን የጠዋት ቀጭ ይተዉልኝ።"

ፕሮፌሰሩ ፊቱን ሲያጠኑት ቆዩ። "ዕድሜዬን ሙሉ ሰው በመስተዋት ውስጥ 'ጥሩ ነው' ሲለኝ ኖሬያለሁ። ውሸቱን በዓይኑ አውቀዋለሁ።"

"እኔ ጥሩ ነው አላልኩም።"

"አላልክም" አሉ። "እሱ ነው ያስፈራኝ።"

ሐኪሙ ምስሉን በዚያው ቀን አነበበው። የቀዶ ሕክምናው ሐኪም በነጭ ወረቀት ላይ ሥዕል እየሣለ አስረዳቸው፤ የሚጫነውን ዲስክ አውጥቶ አጥንቶቹን አንድ ላይ ያያይዛል፣ ሕመሙ እንዳይብስ ያቆመዋል። እጃቸው ይመለስ እንደሆነ ግን ተስፋ እንጂ ቃል መስጠት አልቻለም። ፕሮፌሰሩ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። "በየት በኩል ነው የምትገቡት?"

"ከፊት፣ በጉሮሮዎ በኩል።"

"እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ከኋላ ስጠብቀው!" አሉ። ባለቤታቸው እየሳቁ አለቀሱ።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ፤ ድምፃቸው ግን አብሮ ተዘጋ። ይህ ያጋጥማል፣ በጊዜው ይመለሳል አለ ሐኪሙ። እስከዚያው ፕሮፌሰሩ ቤታቸው ተቀምጠው ጣታቸውን ሲያፍታቱ ባለቤታቸው ከመጋረጃው ወዲያ ብቻቸውን ሠሩ፤ ከመጋረጃው ወዲህ ያለው ክፍል ጨለመ። ሰፈሩ ዜናውን የሚሰማው ከባለቤታቸው ነው፣ እንደ ኳስ ውጤት እየተቀባበለ። "ዛሬ የላይኛውን ቁልፍ ራሱ ቆለፈ።" "ማንኪያ በቀኙ ያዘ።" "ቁልፉን ቆለፈ ግን በተሳሳተው ቀዳዳ ነው።" የታክሲ ሹፌሩ ሳይቀር ታክሲውን በር ላይ እያቆመ ይጠይቃል።

ባለማግኔቱ አንድ ጊዜ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ፀጉር ቤት ሄዶ ነበር። ወንበሩ አዲስ፣ መስተዋቱ ሙሉ፣ ሠራተኛው ጥንቁቅ፣ አፉም ዝግ። ፀጉሩ መስመር በመስመር አማረ። ስለ ማንም ኩላሊት ሳይሰማ ወጣ፤ መንገድ ላይ ሲደርስ የጎደለው ምን እንደሆነ ገባው፣ ከዚያ በኋላም አልተመለሰም። ፀጉሩ ጎፈረ። ሆስፒታል ውስጥ "ምነው፣ ሐዘን ነው?" ይሉት ጀመር።

አንድ ቅዳሜ የዚያ ክፍል መብራት በራ። ፕሮፌሰሩ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው፣ ወደ ጎን ሲያዩ እንደ ቁምሳጥን ከነሙሉ ሰውነታቸው እየዞሩ፣ ከወንበሩ ጀርባ ቆመዋል። ሰፈሩ ተንጋግቶ ገባ። "እንኳን እግዜር አተረፈዎት!" ይላል፣ ይስማቸዋል፣ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፤ "ማነው ተራው?" ሲባል ግን ሁሉም "እኔ እንኳ ለጥየቃ ነው" እያለ ፀጉሩን በእጁ ዳስሶ ይወጣል። ደስታው ከልብ ነው፤ ድፍረቱ ግን ከአንገት በላይ ነበር። አግዳሚው ላይ ሁለት ሰው ቀረ፤ ወንበሩ ግን ባዶውን ነው። ፕሮፌሰሩ ጨርቁን አራገፉት፣ አጠፉት፣ እንደገና አራገፉት።

ባለማግኔቱ የገባው ያን ጊዜ ነው። "መቀሶቹን ወዲያ አድርጉ" የሚል አልነበረም። ማንንም ሳያስፈቅድ ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ፕሮፌሰሩ ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰሩ። ማሰሩ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ መቀሱ ማጅራቱ አጠገብ መጥቶ አየር ላይ ቆመ። ባለማግኔቱ በመስተዋቱ አያቸው፤ እጃቸውን እያዩ ነበር፣ ልክ እንደዚያ ቀን። ከመጋረጃው ወዲያ የፀጉር ማድረቂያው ጠፋ። እሱም ማሽኑ ላይ የሚተኙት ሰዎች የሚያደርጉትን አደረገ፤ ትንፋሹን ያዘ።

"አትነቃነቅ" አሉ፣ በሻከረ ሹክሹክታ።

"አልነቃነቅም፣ ጋሼ።"

"አታውራ።"

ዝም አለ።

"ምራቅህንም አትዋጥ።"

ከመጋረጃው ወዲያ ሳቅ ፈነዳ። መቀሱም፣ ቀጨቅ። ቆይቶ ቀጨቅ። ከዚያ ቀጨቅ ቀጨቅ።

ፕሮፌሰሩ ወዲህና ወዲያ ሲሉ አግዳሚው ላይ የቀሩት ሁለት ሰዎች አብረው ተንፈስ አሉ። ጆሮ አልተነካም። ሲያበቁ ትንሿን መስተዋት ከማጅራቱ ኋላ ያዙለት። "እንዴት ነው?"

ባለማግኔቱ ተመለከተ። የግራው ጎን በልኩ ነው። የቀኙ ወደ ላይ ሸሽቷል። ዓይኑን ሲያነሳ የፕሮፌሰሩ ዓይን እየጠበቀው ነበር፤ ሁለት ቃል ብቻ እየጠበቀ፣ የፈራቸውን ሁለት ቃላት።

"ቀኙ ከፍ ብሏል፣ ጋሼ" አለ።

ፊታቸው በራ። "ይኸው!" አሉ፣ በተሰበረ ድምፃቸው የሚቻለውን ያህል ጮኸው። "ከጠዋት ጀምሮ እንኳን ደህና መጡ ሲለኝ የዋለው ሰው ሁሉ ቢሆን 'ጥሩ ነው' ይለኝ ነበር! ቁጭ በል፣ አስተካክለዋለሁ።" አገጩን ያዙ። ባለማግኔቱ ሳያስበው አንገቱን አደነደነ። "አይዞህ" አሉት ቀስ ብለው። "ቀጭ የለም። ራስም አንገትም የሐኪም ነው። ፀጉሩ ግን የኔ ነው።"

እውነት ለመናገር ይህን ሲሰማ ባለማግኔቱ ከፋው። አንድ ትልቅ ነገር ከዚያ ቤት የወጣ መሰለው። ፀጉሩ ግራና ቀኙ እኩል ሆነለት፤ እኩል የሆነው ግራው ወደ ቀኙ ከፍታ ተስቦ ስለሆነ ከጆሮው በላይ ብዙም አልቀረለትም። እጃቸውን ጨብጦ፣ የቀኝ እጃቸው አጨባበጥ መበርታቱን ልብ ብሎ፣ ወደ በሩ ሄደ።

በሩ ላይ የታክሲ ሹፌሩን አገኘው። ሹፌሩ ገብቶ ሰላምታ ሊሰጥ ሲል አሳለው፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ፕሮፌሰሩ ከነሙሉ ሰውነታቸው፣ እግራቸውን እያነሱ፣ ቀስ ብለው ወደሱ ዞሩ።

"ጉሮሮ ነው?" አሉት። በዚያ በሻከረ ድምፅ ውስጥ የድሮው ነገር ብልጭ አለ። "ና ቁጭ በል። አንገት ያለፈበት ነው፤ ጉሮሮ የኔ ነው። እኔ እኮ ጉሮሮ ማለት ምን እንደሆነ ከውስጥ አይቼው ነው የመጣሁት።"

አንገት የተፈጠረው ዞሮ ለማየት ነው ይባላል። ባለማግኔቱ አንድ እግሩ መንገድ ላይ ሆኖ ዞረ። ቀጠሮ ነበረው። ተመልሶ ገባና አግዳሚው ላይ፣ ከመጋረጃው አጠገብ፣ በደንብ የሚሰማበት ቦታ መርጦ ተቀመጠ።